እንጉዳይ በሁዳዴ

ኃይለማርያም የብቸና ሰው ነው። ነቀምቴ የመጣው ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሲሆን፣ ከተመረቀም በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው የከተማው ሠፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በባዮሎጂ መምህርነት ቀጠረው። በስምንት ዓመት ውስጥ ገበያ ወጥቶ የሚገባበትን ያህል ኦሮምኛ ለመደ። ተማሪዎቹም የሠፈሩ ሰዎችም “ባርሲሳ” ይሉታል፣ መምህር ማለታቸው ነው። ደብተር በሰዓቱ አርሞ የሚመልስ፣ ከክፍል የማይቀር ሰው ነበር። አንድ ድካም ግን ነበረበት፤ ክፍሉ ሲስቅለት ደስ ይለዋል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ሰሞን ገቡ። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ ቀን ኃይለማርያም ለዘጠነኛ ክፍል የሕያዋንን አመዳደብ ያስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ አምስት ዓምድ አሰመረ፤ ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንጋይ፣ ፕላንቴ፣ አኒማሊያ። ከጎን ደግሞ የሚነጻጸሩበትን ጻፈ። ሕዋሳቸው ኒውክለስ አለው ወይ? አንድ ሕዋስ ናቸው ወይስ ብዙ? ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ ወይስ ከሌላ ይወስዳሉ? ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ? የሕዋስ ግድግዳቸው ከምን ተሠራ? ተማሪዎቹ እየተጋገዙ ሣጥኖቹን ሞሉ።

እንጉዳይ የሚመደብበት ፈንጋይ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ተከፈለ። ብዙዎቹ እንጉዳይ ከመሬት ስለሚበቅል ተክል ነው አሉ። ኃይለማርያም በትዕግሥት አስረዳ። እንጉዳይ አረንጓዴ ቀለም የለውም፤ ፀሐይን ምግብ ማድረግ አይችልም። የሌላ ነገር በድን እያፈራረሰ ይመገባል። ትርፍ ምግቡን የሚያስቀምጠው እንደ ድንች በስታርች መልክ ሳይሆን የእኛ ጉበት እንደሚያስቀምጠው በግላይኮጅን መልክ ነው። የሕዋሱ ግድግዳ የተሠራበት ነገርም በአንበጣ ቅርፊት ውስጥ የሚገኘው ነው። በዘር ሐረጉ ቢታይ ከጎመን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው መክሊት እጇን አወጣች። መክሊት የሰማችውን ሁሉ ቃል በቃል የምትይዝ ልጅ ናት። “ባርሲሳ፣ ታዲያ እንጉዳይ ሥጋ ነው?” አለችው።

“ሥጋስ አይደለም፤ ለሥጋ የሚቀርብ በይው” አላት።

ክፍሉ ሳቀ። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ኃይለማርያምም ጠመኔውን አራግፎ ወጣ።

የመክሊት እናት ሂሩት ምግብ ቤት አላት። ወላጆቿ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነበሩ፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነቀምቴ ነው። በጾም ወራት ምግብ ቤቷ ሰው አይጠፋበትም፤ በያይነቱ ላይ የምትጨምረው የእንጉዳይ ጥብስ ስም አውጥቶላታል። መክሊት ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የተማረችውን ለእናቷ ነገረቻት። ስለ አንበጣው ቅርፊትም፣ ስለ ጉበቱም አልቀረም። መምህሯ በመጨረሻ ያለውንም እንዳለ ደገመችላት።

ሂሩት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ከደንበኞቿ መካከል ሁለት አሮጊቶች ባለፈው ዓመት ጥብሱን ቀምሰው “ሥጋ ሥጋ ይለኛል” ብለው እንደነበር አስታወሰች። ያኔ የቅመሙ ነው ብላ አልፋዋለች። አሁን ግን ፈራች። ያበላችው ሰው ብዛት ታሰባት። በማግስቱ እንጉዳይ አቅራቢዋ ቅርጫቷን ይዛ ስትመጣ እሷ ራሷ አልወጣችም፤ አስተናጋጇን “ከእንግዲህ አንፈልግም በያት” ብላ ላከቻት።

ወሬው ከምግብ ቤቱ ወጥቶ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደረሰ። ከዚያ ገበያ ገባ። በየደረሰበት ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። እንጉዳይ እንስሳ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ተረጋገጠ ተባለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ሲቆረጥ ደም እንደሚወጣው ያየ ሰው አለ ተባለ።

ቅርጫቷን ይዛ የተመለሰችው ሴት ሶረቲ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ሮቤራ አዲስ አበባ የሚሠራ፣ አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሥራ ሁለት የሠፈር ሴቶች የእንጉዳይ አመራረት ሥልጠና ወስደው በማኅበር ጀምረው ነበር። አንደኛዋ አገባች፣ ሁለቱ አረብ አገር ሄዱ፣ ሌሎቹም ሰለቻቸው። ሶረቲ ብቻዋን ቀረች። ጓሮዋ ባለች የጭቃ ክፍል ውስጥ የቡና ገለባ በበርሜል በእንፋሎት ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በላስቲክ ከረጢት ትሞላዋለች፤ ማሽላ ላይ የለማውን የእንጉዳይ ዘር ትቀላቅልበታለች። ከረጢቶቹን ከጣሪያው በገመድ አንጠልጥላ በቀን ሦስቴ ውኃ ትረጭባቸዋለች። ከሳምንታት በኋላ በቀዳዳዎቹ በኩል ነጭ ጆሮ የመሰለ እንጉዳይ ተደራርቦ ይወጣል።

ሶረቲ ፕሮቴስታንት ናት፤ ሁዳዴን አትጾምም። ገበያዋ ግን የሚደምቀው በሁዳዴ ነበር። ስለዚህ ከረጢቶቿን ሁሉ ለዚያ ወቅት እንዲደርሱ አድርጋ ሞልታለች። እንጉዳይ ደግሞ ገበያ ቆመ ብሎ አይቆምም፤ በወጣ በሁለት ቀን ካልተቆረጠ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሸታል። የጉራጌው ነጋዴ ረዲ በሱቁ ማቀዝቀዣ የቻለውን ያህል ያዘላት። ማቀዝቀዣው ሞላ። የተረፈውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጓሮ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ሰፌድ ሲያልቅባት ከጎረቤት ተዋሰች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ የነገራት ረዲ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ቅርጫት ይዛ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ኃይለማርያም መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፈተና ያርም ነበር። “አከም ቡልተ፣ ባርሲሳ” ብላ እንዴት አደርክ አለችው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ክዳኑን አነሣች። እንጉዳዩ ማርጀት ጀምሯል።

“ይሄ እንስሳ ነው ብለሃል አሉ” አለችው። “ዓይኑን አሳየኝ።”

ኃይለማርያም ምን እንደተፈጠረ የሰማው ያኔ ነው። ክፍል ውስጥ ያለውን በሙሉ ደገመላት። እንስሳ ነው እንዳላለ፣ እንስሳ ሌላ ዓምድ እንደሆነ፣ ንጽጽሩም ስለ ሕዋስ እንጂ ስለ ጾም እንዳልነበረ አስረዳት። ሶረቲ ሳታቋርጠው ሰማችው። ሲጨርስ የሚለው እንደገባት፣ ግን ማስረዳት ያለበት ለእሷ እንዳልሆነ ነገረችው። እሷ ሄዳ ብትናገር ጿሚ ስላልሆነች የሚሰማት የለም፤ ሸቀጧን ልትሸጥ ነው ይሏታል። ቅርጫቱን እዚያው ትታለት ሄደች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋሮማ ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። እሱም ድሮ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። ኃይለማርያምን ቢሮው አስገብቶ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ነገረው። እሱ በተማረበት ዘመን እንጉዳይ አረንጓዴ ቀለም የሌለው ተክል ይባል ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። ስለዚህ ኃይለማርያም ሂሩት ዘንድ ሄዶ ተሳስቼ ነው፣ እንጉዳይ ተክል ነው ቢላት በአንድ ቀን ያልቃል።

“ግን ተክል አይደለም” አለ ኃይለማርያም።

“አውቃለሁ” አለ ጋሮማ። “ሴትዮዋ ግን እየከሰረች ነው።”

ኃይለማርያም ያን ቀን ከሰዓት ሂሩት ምግብ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ ጋሮማ እንዳለው ልናገር ወይስ አልናገር እያለ ሲያስብ በሩ ላይ ደረሰ። ሂሩት በአክብሮት ተቀበለችው፤ የልጇ መምህር ነው። ወሬ የሌለበት ጥግ ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው። እሱም የተናገረው ቀልድ እንደነበረና እንጉዳይ ከጾም ጋር እንደማይጋጭ ሊያስረዳት ጀመረ።

“ቆይ” አለችው ሂሩት። “ለልጄ የነገርካት ውሸት ነበር?”

ተክል ነው ለማለት አፉን ከፈተ። መክሊት ከጓዳው በር አጠገብ ቆማ ታየዋለች። “ውሸት አልነበረም” አላት።

“እንግዲያው ምኑን ልታስተካክል መጣህ?”

ሂሩት እንዳልተቀየመችው ነገረችው። እሱ ተምሮ ያወቀውን ተናግሯል፤ እሷ ደግሞ የምትመገበውና የምታበላው በሃይማኖቷ ነው። ለሶረቲም አዝናለች። ግን እያወቀች ጾመኛውን ብታስገድፍ በማን ታሳብባለች? ምሳ አቅርባለት፣ ሽሮና ጎመን በልቶ ወጣ።

ኃይለማርያም ሌላ የሚያውቀው መንገድ አልነበረውም። ሳምንት ሙሉ ሲጨነቅ ሰነበተ። እሱ ራሱ ጿሚ ነው፤ ልጅ ሆኖ ብቸና ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል። የእንጉዳይ ጥብስ በጾም ስንቴ እንደበላ አያስታውስም፤ አንድም ቀን ሰንጠረዡንና ሳህኑን አንድ ላይ አስቦ አያውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ መቀለድ አቆመ። ተማሪዎቹም ልብ አሉት።

በዚያው ሳምንት ሶረቲ ሳትጠብቀው ሌላ በር ተከፈተላት። የረዲ ሚስት ኑሪያ ማቀዝቀዣው ለረመዳን ዕቃ ስለሚፈለግ እንጉዳዩን ለማንሣት ሱቅ መጥታ፣ ሶረቲ አድርቃ እዚያ ካስቀመጠችው ጥቂት ወስዳ ለማፍጠሪያ ሾርባ ውስጥ ፈጭታ ጨመረችው። ያን ቀን ሥጋ አልነበራትም። እንግዶቿ ሥጋው ምን ዓይነት ነው ብለው ጠየቋት። በማግስቱ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ከረዲ ሱቅ የደረቀ እንጉዳይ ጠየቁ። ረዲም ሶረቲ ደጃፍ ድረስ ሄዶ፣ ሁልጊዜ እንደሚጠራት በልጇ ስም “ሀዳ ሮቤራ”፣ የሮቤራ እናት፣ ብሎ ጠርቶ፣ ሰፌድ ላይ ያለው ሁሉ ሲደርቅ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥበት ነገራት። እዚያ ቤት ሥጋ ሥጋ ማለቱ ነውር አልሆነበትም።

ሆኖም እርጥቡ ሲደርቅ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ በየቀኑ የሚወጣውንም ሁሉ ማድረቅ አልቻለችም። የተበላሸውን ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረች። ከከረጢቶቹም ግማሾቹን አውርዳ ጓሮዋ ላይ ለጎመኗ ማዳበሪያ አደረገቻቸው።

ኃይለማርያም የጀመረውን ምዕራፍ መጨረስ ነበረበት። ለዘጠነኛ ክፍል የቤት ሥራ ሰጠ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ሰንጠረዡን በቤቱ በሚገኙ ነገሮች እንዲሞላ፣ ከቻለም ናሙና እንዲያመጣ። በቀጠሮው ቀን ጠረጴዛው በጠርሙስና በፌስታል ተሞላ። የኩሬ ውኃ ያመጣ አለ፣ ጉንዳን ያመጣ አለ፣ የእንሰት ቅጠል ያመጣ አለ፣ እርጎ ያመጣም አለ። መክሊት ከመጽሐፉ ላይ አንብባ ኖሮ በፕላስቲክ ኩባያ ከእናቷ ቡሖ ዕቃ የቀዳችውን እርሾ ይዛ መጣች።

ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያለው። ኃይለማርያም አንድ ጠብታ በብዙ ውኃ አቅጥኖ መስታወቱ ላይ አኖረው፤ ተራ ገብተው አዩ። ጤፍ የመሰሉ ክብ ክብ ሕዋሳት ተበትነዋል፤ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ ልጅ አንጠልጥለዋል። መክሊት ከሁሉም ረዘም አድርጋ አየች። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ማነጻጸር ጀመረች። ኒውክለስ አለው። አረንጓዴ ቀለም የለውም። ምግቡን ከሌላ ይወስዳል። የሕዋስ ግድግዳ አለው፤ በግድግዳው ውስጥ ያ የአንበጣው ቅርፊት አለ። ግላይኮጅን ያከማቻል። ከእንጉዳይ የሚለየው በአንድ ሕዋስ ብቻ በመኖሩ ነው።

“ባርሲሳ፣ አንድ ዓምድ ናቸው” አለች።

“አንድ ዓምድ ናቸው።”

“እንጉዳይ ካስገደፈ እንጀራም ያስገድፋላ?”

ክፍሉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ መምህሩን ጠበቀ። ኃይለማርያም ግን አልሳቀም። ከዚያ ሰንጠረዡ የሚናገረው ነገሮች እንዴት እንደተሠሩና እንዴት እንደሚኖሩ እንጂ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ እንዳልሆነ ነገራት። ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ቄስ ነው፤ እናቷ ፈቃዷ ከሆነ አብረው ሄደው ሊጠይቁት ይችላሉ።

መክሊት ቤት ሄዳ ያየችውን ተናገረች። ሂሩት መጀመሪያ አላመነችም። በኋላ ቡሖው አጠገብ ሄዳ ክዳኑን አንሥታ አየችው። ላዩ ላይ አረፋ እየወጣ ይፈነዳል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ነገር ነው። ያን ማታ እንጀራውን ልብላ ወይስ አልብላ ብላ እንደተቸገረች በኋላ ራሷ ተናግራለች። በላችው። ለኃይለማርያም ግን ነገ እንሂድ ብላ ደወለችለት።

የሂሩት የንስሐ አባት ሸምግለዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሦስቱ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሂሩት መስቀል ተሳልማ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። መክሊት ያልገባቸውን አስረዳች። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ኃይለማርያም ዞሩ።

“ደም አለው?” አሉት።

“የለውም፣ አባ።”

“ይወልዳል? ያጠባል? እንቁላል ይጥላል?”

“አያደርግም።”

“ታዲያ ምን ቸገራችሁ?” አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ጾመኛ የሚተወው የታረደውንና ከታረደው ወገን የሚገኘውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን ነው። አባቶች ሥርዓቱን ሲሠሩ የእርሾውን ውስጥ አላዩም፤ ቢያዩም እንጀራ ያስቀሩ ነበር ብለው ቄሱ አያስቡም። ሂሩትንም ገሠጿት። ጥርጣሬ በገባት ቀን መጥታ መጠየቅ ነበረባት። ሳትጠይቅ ቀርታ የአንዲት ሴት ጉሮሮ ዘጋች፤ ይህ ከእንጉዳዩ ይልቅ ጾም ያበላሻል።

ለመሄድ ሲነሡ ቄሱ ኃይለማርያምን መልሰው ጠሩት። “ሰውንስ የት አገባችሁት?” አሉት።

“ከእንስሳት ጋር ነው፣ አባ።”

“በሆዱ ከሆነ ልክ ናችሁ” አሉት።

ሂሩት በማግስቱ ማንንም ሳትልክ ራሷ ሶረቲ ቤት ሄደች። አራት ዓመት ከእሷ እየገዛች ቤቷን አይታው አታውቅም ነበር። ሶረቲ አስገባቻት። ሂሩት በዝቅተኛው በር አጎንብሳ ገብታ፣ በጨለማው ውስጥ የተንጠለጠሉትን ከረጢቶች እየዞረች አየቻቸው። ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻት። ሶረቲም የቡና ገለባ ብቻ እንደሚበሉ፣ ውኃ እንደሚጠጡ ነገረቻት። ሂሩት ይቅርታ የጠየቀችው እዚያ ውስጥ ነው። ሶረቲ ይቅር አለቻት፤ ነገር ግን የዱሮውን ያህል ልትሰጣት አልቻለችም። ከረጢቶቿ ግማሽ ሆነዋል፤ ከእነሱም የሚደርሰውን የረዲ ቤት ቀድሞ ይዞታል። ሂሩት የሳምንቱን ሁለት ቀን ብቻ ተቀብላ ወጣች። ፋሲካ እስኪቃረብ ድረስ ምግብ ቤቷ እንጉዳይ የሚገኘው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበር፤ ያም ቢሆን አንዳንድ ደንበኞች እስከ መጨረሻው አልነኩትም።

ኃይለማርያም ለሶረቲ የሚከፍላት ካሣ አልነበረውም። በፋሲካ ዕረፍት ሦስት ቀን ጓሮዋ ዋለ። ገለባ አብሯት ቀቀለ፤ የክፍሏን መስኮት በወንፊት ሽቦ ሸፈነላት። እሷ አልለመነችውም፤ አልከለከለችውምም። በሦስተኛው ቀን “ገለቶሚ” አለችው፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው፤ የተበላሸ ከረጢት በጠረኑ እንደሚለይም አሳየችው። እሱ ሻጋታውን በስሙ ያውቀው ነበር፤ በጠረኑ ግን አያውቀውም።

ክረምት ሲገባ ሶረቲን ኑኑ ቁምባ ወደሚባለው ወረዳ ጠሯት። እዚያ አሥር ሴቶች ሥራውን ሊጀምሩ ፈልገው አሠልጣኝ አጥተዋል። የነቀምቴውም ወሬ ደርሷቸው ነበር። መጀመሪያ ከተቀመጡት መካከል አንዷ ይህ ነገር ተክል ነው ወይስ እንስሳ ብላ ጠየቀቻት።

ሶረቲ ሁለቱንም እንዳልሆነ ነገረቻት። “የራሱ ወገን አለው” አለች በኦሮምኛ። ሴትዮዋ ሌላ የምትጨምር መስሏት ጠበቀች። ሶረቲ ግን ሳሙናና ውኃ አስመጥታ፣ ዘሩን የያዘውን ጠርሙስ ከመክፈቷ በፊት ሁሉም እስከ ክንዳቸው እንዲታጠቡ አዘዘች።